የሸማኔው ደምለው ቀስት

እኛ አገር ሠርግ ሲደገስ ወይም ቤት ሲሠራ፣ ሁሉም አዋቂ ሆኖ አፉን ሲከፍት፣ አንዱ ጣል የሚያደርጋት አባባል አለች። ሰው ሲሰማት ይስቃል። ባለፈው ዓመት የእህቴ ልጅ ቤት ሲሠራ፣ በሩ ወዴት ይዙር በሚል ሃያ ሰው ሲጨቃጨቅ አንድ ጎረምሳ ይችኑ አባባል ተናገረና ግቢው በሳቅ ተሞላ። እኔ አልሳቅሁም። ተነሥቼ ወጣሁ። ያች ቃል ለጨዋታ አልተነገረችም፤ የወጣችው ከቁስል ላይ ነው። የተናገረችውን ሴት፣ የተናገረችበትን ቀንና የተነገረባቸውን ሰዎች የሚያውቅ ሰው ጥርሱን ሊያሳይባት አይገባም።

ታሪኩን የነገረኝ አያቴ ካሴ ነው። ሁለት ጊዜ ነግሮኛል። በመጀመሪያው ጊዜ ራሱን ከታሪኩ አውጥቶ ነበር የነገረኝ። በሁለተኛው፣ ሊሞት ሁለት ወር ሲቀረው፣ ራሱን መልሶ አስገባ። እኔ የምነግራችሁ ሁለተኛውን ነው።

ሰንበሌጥ በር የምትባለው መንደራችን ደጋው አልቆ ቆላው ከሚጀምርበት አፋፍ ላይ ናት። ከበታቿ ቆቅ ዋሻ የሚሉት ገደላማ ሸለቆ አለ። አያቴ ገና ጎልማሳ ሳለ አንድ ገሰላ ከዚያ ሸለቆ ወጥቶ መንደሩን አስጨነቀው። ገሰላ ጥቁር ነብር ነው፤ ቁጥቋጦ ሥር ሲተኛ ጥላ እንጂ አውሬ አይመስልም። መጀመሪያ ውሾች ጠፉ። ቀጥሎ ፍየሎች። በኋላ አንዲት ልጃገረድ ከምንጭ ስትመለስ ከጀርባዋ ተከመረባት፤ እንስራዋ ላይ ወድቆ እንስራው ሲሰበር ደንግጦ ባይሸሽ ኖሮ በልቷት ነበር። ከዚያ ወዲያ ሴቶች ውሃ የሚቀዱት አምስት ስድስት ሆነው፣ እየጮኹ ነበር።

ጭቃ ሹሙ ጠመንጃ ነበራቸው፤ ጥይት ግን ካለቀ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ስለዚህ የሚገደለው በቀስት ነው ተባለ። ማን ይግደለው? መንደሩ ውስጥ ጓንጉል የሚባል ሰው ነበር። ዕድሜው አንቱ የሚያስብል ነው፤ እኔ ግን አንቱ አልለውም። ጠላ ቤት በገባ ቁጥር ሦስት ጎሽ መግደሉን የሚፎክር ሰው ነው። ጎሾቹ የት እንደተገደሉ፣ ማን እንዳየ የሚያውቅ የለም። ዕጣ ይጣል ሲባል ይኸው ጓንጉል ጉልበቱን ያዝ አድርጎ፣ ብርድ መትቶኛልና ስሜን አታስገቡ አለ። ማንም አልተቆጣውም። ዕጣው ሲወጣ በሸማኔው በደምለው ላይ ወደቀ።

ደምለው ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ረጋ ያለ፣ ነገር የማይወድ ሰው ነበር። ከሽመና ጉድጓዱ ገብቶ ከጠዋት እስከ ማታ ይሸምናል። በሕይወቱ ጅግራ እንኳ ገድሎ አያውቅም። የመንደሩ ሰው የሚለብሰው ሁሉ ከእጁ የወጣ ነው፤ ነገር ግን የሸማኔ ስም ሲነሣ ከንፈሩን የማያጣምም አልነበረም። ዕጣው የወጣ ዕለት ሳቁ። ደምለው አልሳቀም፤ እሺ ብቻ አለ። ለሚስቱ ለስንዱ ሲነግራት የጥጥ ሙዳይዋን ዘጋችና፣ «እንግዲያው አያ ጎንጤ ዘንድ ሂድ። የሚያውቅ ሰው ይምረጥልህ» አለችው።

አያ ጎንጤ ቀስት ሠሪ ናቸው። የቆላ ሰው ናቸው፤ ከመንደሩ ዳር ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ጠጉራቸው ነጭ ሆኖ ሳለ ልጅ የሚሆናቸው ሰው ሁሉ «አንተ» ይላቸዋል። ደምለው ግን አንቱ ይላቸው ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ሄደ። አያቴ ያን ዕለት እርፍ ሊያስጠርብ እዚያው ግቢ ነበርና ሁሉን አይቷል። አያ ጎንጤ ቀስት ከማንሣታቸው በፊት የደምለውን ክንድ ከትከሻው እስከ ጣቱ ጫፍ በገመድ ለኩ። ቀጥለው አንድ የሽመል ቀስት ሰጡትና፣ ተንበርከክ፣ ሳብ፣ ሳትለቅ ያዝ አሉት። ዓይናቸውን ጨፍነው በልባቸው ይቆጥራሉ። ክንዱ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ያስቆሙታል። ቀስት ለወጡለት። እንደገና ሳብ፣ ያዝ። እንዲህ እያሉ አራት ቀስት አስሞከሩት፤ በአራተኛው፣ በቀጭኑ፣ ደምለው ሳይንቀጠቀጥ ቆየ፣ ቆየ፣ አያ ጎንጤም ዓይናቸውን ገልጠው ፈገግ አሉ።

ከዚያ ቅል ሰቀሉና ከሃያ እርምጃ አስወረወሩት። ስድስት ፍላጻ ለቀቀ፤ አምስቱ ቅሉን መቱት። ሸማኔ አይደለም እንዴ? ቀኑን ሙሉ መወርወሪያውን በአንድ እጁ ልኮ በሌላው የሚቀበል፣ ከድርና ማግ ዓይኑን የማያነሣ ሰው ነው። እጁ ከማንም ይልቅ የረጋ ነበር።

አያ ጎንጤ የነገሩትን ምክር አያቴ ቃል በቃል ያስታውሰው ነበር። «ልጄ፣ ገሰላ ጎሽ አይደለም» አሉት። «ቆዳው ስስ ነው፣ አጥንቱም ቀጭን ነው። የሚገድለው ስለቱና ቦታው እንጂ ጉልበትህ አይደለም። የገደለውን ፍየል ሊበላ ሲነጋጋ ይመለሳል። አንተ ከመከለያህ ተንበርክከህ ትጠብቀዋለህ። ፊት ለፊት ሲያይህ አትልቀቅ፤ ጎኑን እስኪሰጥህ ስበህ ያዝ። እስኪዞር ድረስ የማትይዘው ቀስት ቀስትህ አይደለም።» ፍላጻውንም መረጡለት፤ ጫፉ እንደ ቅጠል ሰፋ ያለ፣ ከሁለት ወገን የተሳለ ሦስት ፍላጻ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ዛሬ የምነግራችሁ ታሪክ አይኖርም ነበር።

ማክሰኞ ገበያ ነው። ቅል ሲመታ የሰሙ ሁለት ሰዎች ከአጥሩ በላይ አንገታቸውን አስገቡ። ሁለቱ አምስት ሆኑ። እኩለ ቀን ሳይሆን ግቢው ውስጥ አርባ ሰው ቆሟል። ገሰላው ፍየል ሲወስድ አንድ ሰው ያልተገኘበት መንደር፣ ቀስት ሲመረጥ ጊዜ አርባ ሰው አገኘ። አንዱ ቀስቱ አጠረ ይላል፣ አንዱ ጅማቱ ቀጠነ ይላል። ጭቃ ሹሙ መጡ፤ ገበያ የመጣ ነጋዴ ሳይቀር ገባ። ማንኛቸውም ቀስት ይዘው አያውቁም። በመጨረሻ ጓንጉል ሳያነክስ መጣና ቀጭኑን ቀስት በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ፣ በዚህ ጅግራም አይመታም፣ የሰንበሌጥ በር ወንድ ይህን ይዞ ወረደ ከሚባል ገሰላው ቢጨርሰን ይሻላል አለ።

አያ ጎንጤ ቤት ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ የወይራ ቀስት ተሰቅሎ ነበር። ለአንድ ጎሽ አዳኝ የተሠራ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ነው። ጓንጉል ዓይኑን እዚያ ላይ ጣለ። እንግዲህ አያቴ በመጀመሪያው ጊዜ «አንድ ሰው አወረደው» ብሎኝ ያለፈው እዚህ ላይ ነበር። በሁለተኛው ጊዜ፣ «እኔ ነኝ ያወረድሁት» አለኝ። «ማንም አላዘዘኝም። ሰው ሁሉ ሲናገር እኔም የሆነ ነገር ላድርግ ብዬ ነው።»

ቀስቱን ደምለው እጅ ላይ አደረጉት። አያ ጎንጤ መሐል ገብተው፣ ይህ ለእርሱ ክንድ አልተሠራም፣ አንድ ጊዜ ይስበው ይሆናል፣ ሊይዘው ግን አይችልም፤ ደግሞ ረጅም ስለሆነ ተንበርክኮ አይለቀውም፣ መቆም ይኖርበታል፣ ከቆመ ገሰላው ያየዋል አሉ። ይህ ሁሉ እውነት ነበር። ሰሚ ግን አልነበረም። ጭቃ ሹሙ፣ «አንተ የሠራኸውን ስጥ፤ ወንድነትን አንተ አትለካልንም» አሏቸው። ሽማግሌው እንዲህ የተባሉት በገዛ ግቢያቸው፣ በገዛ ሙያቸው ነው።

ደምለው ቆሞ ሳበው። ፊቱ ቀላ፣ የአንገቱ ሥር ተገተረ፣ ጅማቱ ጆሮው ድረስ ደረሰ። አርባው ሰው በአንድነት ጮኸ፤ ሴቶች እልል አሉ። ከዚያ በኋላ ያ ሰው እንዴት እንቢ ይበል? ዕድሜውን ሙሉ ሸማኔ እየተባለ የተናቀ ሰው አንድ ቀን እልል ተባለለት። ጓንጉል ሰፊዎቹን ፍላጻዎች አስቀምጦ፣ ጎሽ የሚበሱ ናቸው ያላቸውን ወፍራም፣ ጫፋቸው ጠባብ ፍላጻዎች በኮሮጆው ጨመረለት። አሥር ሰው ጦር ይዞ ከኋላህ ይቆማል ብለውም ቃል ገቡለት። ደምለው ሲሄድ አያ ጎንጤን ቀና ብሎ አላያቸውም።

ስንዱ ቀስቱን ስታይ ገባት። ሮጣ ሄዳ ቀጭኑን ልታመጣለት ተነሣች። ደምለው ከለከላት።

«ነገ ምን ይሉኛል?» አላት።

«ነገ ያሉህን ይበሉሃ። ከነገ ወዲያም በሕይወት ሆነህ ትሰማቸዋለህ» አለችው።

አልሰማትም። አልፈርድበትም። እኔ የምፈርደው በሌሎቹ ነው።

በሁለተኛው ቀን ገሰላው ፍየል ገድሎ ግማሹን ትቶ መሄዱ ታወቀ። ደምለው በማግሥቱ ጎህ ሳይቀድ ወርዶ ከቁጥቋጦ በሠራው መከለያ ገባ። ከአሥሩ ጦረኞች የመጡት ሦስት ናቸው። አንዱ አያቴ ነበር። ሦስቱም ከመከለያው ኋላ አልቆሙም፤ ራቅ ብሎ ካለ አለት ላይ ወጥተው ተቀመጡ። «ለማየት ይመቻል ብለን ነው» አለኝ አያቴ፣ ሲናገረው አፈረ። ጓንጉል ቤቱ ተኝቷል፤ ጉልበቱን እንደገና አሞታል።

ሊነጋጋ ሲል ገሰላው መጣ። ከሸለቆው አፍ ወጥቶ ወደ ፍየሏ ተራመደና ከአሥራ አምስት እርምጃ ላይ ቆመ። ደምለው መቆም ነበረበት፤ ቆመ። አውሬው ፊቱን ወደ እርሱ መለሰና አየው። ደምለው ሳበ። እንደተነገረው ጎኑን እስኪሰጠው ጠበቀ። ገሰላው ግን አልዞረም፤ ዝም ብሎ ያየዋል። ከአለቱ ላይ የሚታየው የቀስቱ ጫፍ ነበር። አያቴ የነገረኝ ይህን ነው፤ የደምለው ፊት አይታየውም፣ ክንዱ አይታየውም፣ ከመከለያው በላይ ያለው የቀስት ጫፍ ብቻ ይታየዋል። ጫፉ በመጀመሪያ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር። ከዚያ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ እንደ ሸንበቆ ይወዛወዝ ጀመር።

ገሰላው ጎኑን ሲያዞር የደምለው ክንድ ዝሎ ነበር። ፍላጻው ዝቅ ብሎ ሄደና የኋላ ታፋው ላይ ተሰካ። ቀዳዳው ጠባብ ነው፤ ደም እንኳ ብዙ አልወጣም። ደምለው ሁለተኛ ፍላጻ ደገነ፤ ሊስብ ቢሞክር ጅማቱ ከደረቱ አላለፈም። ገሰላው በሁለት ዝላይ ደረሰበት።

አለቱ ላይ የነበሩት ሦስት ሰዎች ወረዱ። የሮጡት ግን ወደ መንደር ነው። አያቴ፣ «ጦሬን የት እንደጣልኋት አላውቅም» ብሎኛል።

ደምለው ብቻውን ታገለ። ግራ ክንዱን ለአውሬው አፍ ሰጥቶ፣ በቀኙ ጩቤ አውጥቶ አንገቱ ሥር ሰካበት፤ ገሰላው የለቀቀውም ያኔ ነው። አውሬው እያነከሰ ወደ ሸለቆው ተመለሰ። ስንዱ የሯጮቹን ድምፅ ሰምታ ከአንዲት ጎረቤቷ ጋር ወርዳ አገኘችው። በቃሬዛ ተሸክመው ያወጡት ሁለት ሴቶች ናቸው። ወንዶቹ የደረሱት ዳገቱ ካለቀ በኋላ ነው።

ሕይወቱ ተረፈች። ግራ እጁ ግን ከዚያ ወዲያ አልተዘረጋም፤ ከጣቶቹም ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ሸማኔ ነው፤ በሁለት ጣት መወርወሪያ አይቀበልም።

ደምለው በቆሰለ በሦስተኛው ቀን፣ ፀሐይ መሐል ሰማይ ላይ ሳለች፣ አያ ጎንጤ ለማንም ሳይናገሩ ለደምለው የመረጡትን ቀጭን ቀስት ይዘው ቆቅ ዋሻ ወረዱ። የአውሬውን ዱካ ተከትለው ዋሻ አፍ ላይ ቆስሎ እንደተኛ አገኙት። ከብብቱ ኋላ በአንድ ሰፊ ፍላጻ ጨረሱት። ቆዳውን ደምለው ደጃፍ አስቀምጠው ወደ ቤታቸው ሄዱ። አልፎከሩም፤ ሸልሙኝ አላሉም። የፎከረው ጓንጉል ነው። በዚያ ቆዳ ላይ ቆሞ፣ መካሪው እኔ ነበርሁ ብሎ ፎከረ። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መንደሩ በሙሉ እንጠይቀው ብሎ ደምለው ግቢ ገባ። በባዶ እጅ የመጣ አልነበረም፤ ቂጣውም፣ እርጎውም፣ ጠላውም ነበር። ለጥቂት ጊዜ እግዜር ይማርህ ሲሉ ቆዩ። ቀጥሎ ጥፋተኛ ፍለጋ ተጀመረ። ጓንጉል የወይራው ቀስት ሲሠራ የጠመመ ነበር አለ፤ ስለዚህ ጎንጤ መካስ አለበት፣ ካልካሰም ከአገር ይውጣ አለ። የሚደግፈውም አላጣ፤ ይህ ቆለኛ ጥንቱንም መተተኛ ነው ያለም ነበር። ሌላው ደግሞ፣ ይህ የሆነው ሸማኔ ስለሆነ ነው፣ እጁ ለዚህ አልተፈጠረም አለ።

ደምለው ከመደቡ ላይ ተኝቶ ሁሉን ይሰማል። ድምፁ ደክሞ ነበር፤ ቢሆንም፣ «ቀስቱ ጤነኛ ነበር። የእኔ አልነበረም እንጂ» አለ። ጭቃ ሹሙ ሰምተው እንዳልሰሙ አለፉት። አያቴም በዚያች ሰዓት ተነሥቶ፣ ቀስቱን ያወረድሁት እኔ ነኝ ሊል ፈልጎ ነበር። ምላሱ ጫፍ ደርሶ ነበር። አላለም። ያልተናገራት ቃል ሃምሳ ዓመት አብራው ኖረች።

ከዚያ ነገሩ ወደ ቁስሉ ዞረ። ስንዱ ቁስሉን አያ ጎንጤ በሰጧት ቅጠል ትይዝለት ነበር፤ መድረቅ ጀምሮ ነበር። አንዱ ቅጠሉ ይነሣና በቅቤ ይታሽ አለ። አንዱ የለም፣ በጋለ ብረት ይተኮስ አለ። ጭቃ ሹሙ የሚያውቁትን ወጌሻ እናስመጣ አሉ፤ ያ የገበያው ነጋዴም ከቆላ ያመጣሁት ዱቄት አለኝ አለ። ድምፁ እየበዛ፣ እየጨመረ ሄደ፤ አንዱ ተነሥቶ ቀረበውና የታሰረውን ጨርቅ ጫፍ ያዘ። ጓንጉል ነበር። ልፍታውና ልየው አለ።

ስንዱ እጁን ያዘችው። አልጮኸችም። እጁን ከባሏ ክንድ ላይ አንሥታ ወደ ደረቱ መለሰችለት፤ ከዚያ የመጣውን ቂጣ፣ እርጎና ጠላ አንድ በአንድ ከደጅ አወጣችው። ጭቃ ሹሙ፣ «ምነው አንቺ፣ ልንረዳችሁ እኮ ነው የመጣነው» አሏት።

«ያን ማክሰኞም ልትረዱን ነበር የመጣችሁት» አለች። «ከሸለቆው አፍ ግን እኔና ጎረቤቴ ብቻ ነበርን። እጁ የሚድነው ሙያውን በሚያውቅ ሰው ቅጠል ነው፤ አያ ጎንጤን ከአገር የሚያስወጣ ካለም መጀመሪያ እኔን ያስወጣ። አሁን ሂዱልን።»

ሰው እየተያየ መነሣት ጀመረ። አያቴ ከመጨረሻዎቹ ጋር ነበር፤ በሩ ላይ ሲደርስ ዘወር ብሎ አያት። ስንዱ መዝጊያውን ይዛ ቆማለች፤ የምታየው ጓንጉልን ወይም ጭቃ ሹሙን አልነበረም፣ ሁሉንም ነበር፣ እርሱንም ጭምር። በሩን ከመዝጋቷ በፊትም እንዲህ አለች፦ «ቀስት ሲመረጥ አገር ይሞላል፣ ገሰላ ሲመጣ ባለቤት ብቻ ይቀራል።»